«ሜድ ኢን ኢታሊ» የሚለው የመርካቶ ጫማዬ

ጫማው ቡናማ፣ ቁጥር 42፣ የከብት ቆዳ ነው። መርካቶ፣ ሸራ ተራ አካባቢ ካለች አንዲት ጠባብ ሱቅ በ2,800 ብር ገዛሁት። ውስጡ በወርቃማ ቀለም «ሜድ ኢን ኢታሊ» ተብሎ ታትሞበታል። የሠራው ልጅ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብሎ ማስቲሽ እየቀባ ነበር።

ባለሱቁን «ይሄ ማኅተም ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት። ምንም አላፈረም። «ጋሼ፣ የሀበሻ ነው ካልኩ በግማሽ ዋጋ ስጠን ይላሉ» አለኝ። ምን ይባላል?

በሙያዬ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ሰላሌ ውስጥ ገጠር ለገጠር ስዞር ነው የምውለው። ጫማዬ ጭቃውንም አቧራውንም ድንጋዩንም ያውቀዋል። እና ከቆዳው ልጀምር፣ ምክንያቱም ቆዳው ግሩም ነው። ቶሎ ይለምዳል፣ እግር አያፍንም፣ ማታ ሲያወልቁት ቤተሰብ አያስቀይምም። እህቴ ከውጭ የምትልክልኝ ስኒከር ይህን አይችልም። ይህን ስነግራት ትስቃለች።

እንከን የለበትም ወይ? ሞልቶታል! ግራው ላይ ቀጭን ነጣ ያለ መስመር አለ፤ እሾህ የቧጨረው ነው። ቀኙ ላይ ተረከዙ ጋ ክብ ጠባሳ አለ። ይህን ጠባሳ በደንብ አውቀዋለሁ። ክሊኒክ ሩቅ ሲሆን ገበሬው ብረት አግሎ የታመመ በሬውን ይተኩሰዋል። ገበሩ የበግ ሌጦ ነው፤ ጣት ሲያልፍበት ደቃቅ ነጠብጣብ ይነካል። እከክ ነው። ቅማልና መሰል ተባይ የሚያመጣው፣ መድኃኒት በጊዜው ቢረጭ የማይኖር እከክ። መድኃኒቱ በጊዜው አለመድረሱን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ መድኃኒቱን ስጠብቅ የምውለው እኔ ነኝ።

ሥራ ስጀምር ይህ ሁሉ ያንገሸግሸኝ ነበር። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ከፊት የምትሰለፍ አገር ሕዝቧን ፕላስቲክ ታጫማለች ብዬ ዲቪ እሞላ ነበር። አሁንም የሚያናድደኝ አላነሰም። የሰላሌ በግ ሌጦ በውጭ ገበያ ለጓንት የሚፈለግ ስስና ጠንካራ ቆዳ ነው። ፋሲካ በነጋ በማግስቱ ግን ያው ሌጦ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ታዩታላችሁ። ድሮ «ቆዳ አለ?» እያለ በየበሩ የሚጮህ ገዢ ነበር። ዋጋው ሲወድቅ እሱም ቀረ።

ግን አንድ ነገር ተለወጠብኝ። ድሮ ስናደድ «እዚህ አገር» እል ነበር። ዛሬ ጠባሳውን ሳይ በሬውን የተኮሱት ሽማግሌ ይታዩኛል፤ በሬያቸው እንዳይሞትባቸው ነው የተኮሱት። ክሊኒኩ መቅረብ አለበት ብዬ እጨቃጨቃለሁ እንጂ በአገሬ አላፍርም። ዲቪውን መሙላት መቼ እንደተውኩም አላስታውሰው።

የመርካቶ ጫማ ሰሪዎችም ቀላል ሰዎች አይደሉም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ብዙዎቹ ዘጉ። የቀሩት ሞዴላቸውን ቀየሩ፣ የተሻለ ቆዳና ሶል ያዙ፣ ገበያቸውንም መልሰው አገኙ። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ የቻይናው ጫማዬ ክረምቱን አላጋመሰም።

ይህኛውስ? እውነቱን ለመናገር ይህኛውም ክረምት ሲገባ ሶሉ ከፊት አፉን ከፈተ። ይዤው ተመለስኩ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል፤ ባለሱቁም በጣቱ አሳየኝ። ልጁ ግን ከመጋረጃው ወጥቶ «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለኝና ጫማውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሶሉን ዙሪያውን በወፍራም ክር ሰፋው። ገንዘብም አልተቀበለኝም።

«ለዚህ ሶል ማስቲሽ ብቻ አይበቃውም» አለኝ። «መጀመሪያውኑ ለምን አልሰፋኸውም?» ስለው «ስፌት ከጨመርንበት ዋጋው ይወጣል፣ ሰው ጥሎን ይሄዳል» አለ።

«የራስህን ስም ለምን አታትምበትም?»

«ማን ይገዛኛል?»

«እኔ እገዛሃለሁ።»

«እርስዎማ አንድ ሰው ነዎት፣ ጋሼ።»

አንጀቴን በላው። መልስም አላገኘሁለት። ስፌቱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም።

ለመግዛት ያሰበ ካለ፣ ቆዳውን ብርሃን ላይ አውጥታችሁ እዩት። ከመክፈላችሁ በፊት ሶሉ እንዲሰፋ ጠይቁ፤ ጥቂት ብር ያስጨምራል፣ ጨምሩ። እግራችሁ ሰፊ ከሆነ አንድ ቁጥር ከፍ በሉ፣ ፎርማቸው ጠባብ ነው። ማሰሪያው አጭር ስለሆነ ሌላ ትገዛላችሁ። ቅዳሜ አትሂዱ፣ መላወሻ የለም። ጥቁሩን ግን አልመክርም፤ ቀለሙ ይለቅና ካልሲ ያበላሻል።