ደብረ ብርሃን ላለችው ራዲዮሎጂስት ከልብ የመነጨ ምስጋና

ሰሜን ሸዋ ያላችሁ ነፍሰ ጡሮችና ቤተሰቦች፣ ይህችን ሐኪም እወቁልኝ። ደብረ ብርሃን የምትሰራ ራዲዮሎጂስት፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በምስል የምትመረምር ሐኪም ናት። "ስሜን አደባባይ ላይ አታውጣ" ስላለችኝ አልጠራትም።

እህቴ የምትኖረው መሐል ሜዳ ነው። 22ኛ ሳምንቷ ላይ አንድ ቦታ አልትራሳውንድ ታይታ "የልጁ ጭንቅላት ውስጥ ውሃ አለ" ብቻ ተብላ ወጣች። ስንት እንደሆነ፣ ምን ማለት እንደሆነ የነገራት የለም። እህል ውሃ አላሰኛት አለ። ይዣት ወደ ዶክተር ሄድኩ።

ዶክተር አልቸኮለችም። ጄሉን መጀመሪያ በመዳፏ አሞቀችው፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ይታወቃል። ከዚያ ስክሪኑን ወደ እኛ አዙራ እያሳየችን ለካች። ውሃው ያለበት ክፍተት ስፋቱ 11 ሚሊሜትር ሆነ። "ፈሳሽ የሚይዘው ክፍተት የማንም ልጅ አንጎል ውስጥ አለ። ከ10 በታች ጤነኛ ነው። ከባድ የምንለው ከ15 ሲያልፍ ነው። ያንቺ ትንሽ ነው ያለፈው፣ አይዞሽ እናቴ" አለቻት። እህቴ ያኔ ነው ትንፋሿ የተመለሰው።

እኔን የማረከኝ ግን መሳሪያዋ የማያሳያትንም መናገሯ ነው። አልትራሳውንድ ቀዳሚው ምርመራ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ ጨረር የለውም፣ የልጁን እንቅስቃሴ ያሳያል። ሆኖም የራስ ቅሉ አጥንት ሲጠነክር፣ የሽርት ውሃ ሲያንስ ወይም ልጁ አተኛኘቱ አልመች ሲል ምስሉ ይደበዝዛል። ኤምአርአይ የሚሰራው በማግኔት ስለሆነ እሱም ጨረር የለውም፣ አጥንትም አያግደውም። የአንጎሉን ግራና ቀኝ የሚያገናኘውን ኮርፐስ ካሎሰም፣ እጥፋቶቹንና የኋላውን ክፍል አጥርቶ ያሳያል። ሲቲ ስካን ጨረር ስላለው ለዚህ አይመረጥም።

ኋላ ሳነብ እንግሊዝ አገር ሜሪዲያን የተባለ ጥናት አገኘሁ። የወጣው በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አንጎላቸው ላይ ችግር በተጠረጠረ 570 ጽንሶች አልትራሳውንድ 68 በመቶ፣ ኤምአርአይ ሲጨመር 93 በመቶ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ሁሉም ነፍሰ ጡር ኤምአርአይ ትነሳ ማለት አይደለም። ጥርጣሬ ሲኖር ነው፤ ያውም ከ20 ሳምንት በፊት ብዙም አይጠቅምም።

ለኤምአርአይ ወደ አዲስ አበባ ስትልከን ሪፈሩ ላይ ምን እንደለካች፣ ምኑ እንዳልታያት፣ ምን እንዲታይላት እንደምትፈልግ ዘርዝራ ጻፈች። አዲስ አበባ ያነበበው ሐኪም "ሪፈር እንዲህ ነው" አለ። ሌላ ችግር አልተገኘም። ክትትሉን እሷው ጋ ቀጠልን፣ ልኬቱም ወደ 9 ወረደ። ልጃችን በሰላም ተወልዷል። ዶክተር፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ!

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የቀድሞ የአልትራሳውንድ ወረቀታችሁን ያዙ፣ የመጨረሻ የወር አበባችሁ የመጣበትን ቀንም አስታውሱ። ከ18 እስከ 22 ሳምንት ባለው ጊዜ ብትታዩ ጥሩ ነው።