የአፈር ሴንሰር በጎንደር ቤት ውስጥ፦ ከመስከረም እስከ ነሐሴ

ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው የቤት ውስጥ አበባ ማሳደግ ሒሳብ አለው። የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ የሚባለው ሰፈር ነው። ከተማችን ለዓመታት የጠጣችው የአንገረብ ግድብ በደለል ከተቸገረ ቆይቷል። ውሃ ሲመጣ በርሜልና ጀሪካን እንሞላለን፤ ከዚያ መጀመሪያ የሚቀዳው ለመጠጥና ለወጥ ነው። ለአበባ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ያንን ጥቂት ውሃ ለየትኛው እንደምሰጥ በእርግጠኝነት ለማወቅ ብዬ የአፈር ሴንሰር ገዛሁ።

ከመስከረም ጀምሮ በበጋውም በክረምቱም አብሮኝ አለ። በጣም ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን ይፈልጋል፦ ቁጥሩን ከማመናችሁ በፊት የተከላችሁበትን አፈር ማወቅ አለባችሁ።

ዕቃው ቀላል ነው። ሁለት ጥርስ አለው፤ አፈሩ ውስጥ ይሰካል። የአፈሩን እርጥበት፣ ብርሃንን፣ ሙቀትንና በአፈሩ ውስጥ የሟሟውን ጨውና ማዳበሪያ ይለካል። ያነበበውን በብሉቱዝ ስልክ ላይ ወዳለው አፕሊኬሽን ይልካል። ባትሪው ሲአር 2032 የሚባለው ክብ ባትሪ ነው። የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይም ያለው እሱ ስለሆነ ሰዓት ሰሪ ወይም ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ይገኛል። እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ አፈሩ ልግባ። እኛ አካባቢ አበባ ሲተከል ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዋልካ ነው። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ፒስ ሊሊዬ የተተከለችው እዚያ ውስጥ ነበር። ጥር ላይ ሴንሰሩ በድንገት ወደ ዜሮ ወረደ። ቅጠሏ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ምንም የጠማት አትመስልም።

ምክንያቱ የሚገባው ሴንሰሩ እንዴት እንደሚሠራ ሲታወቅ ነው። እርጥበቱን በቀጥታ አያየውም። በጥርሶቹ ዙሪያ ያለው ነገር የኤሌክትሪክ መስክን ምን ያህል እንደሚይዝ ይለካል። በዚህ መለኪያ የውሃ ቁጥር 80 ገደማ ነው። የደረቅ አፈር ከ3 እስከ 5 ነው፤ የአየር 1 ነው። ትንሽ ውሃ ሲጨመር ቁጥሩ ጎላ ብሎ የሚወጣው ለዚህ ነው። አፈሩ ተኮማትሮ ከጥርሱ ሲርቅ ግን የሚነበበው አየር ነው። የእኔ ዜሮ የመጣው ከዚያ ስንጥቅ ነው።

ያው ስንጥቅ ሌላም ጣጣ አለው። ውሃ ሲፈስበት በመትከያው ዳር ዳር ሾልኮ ከታች ይወጣል። ሳህኑ ላይ ውሃ ስናይ አበባው የጠጣ ይመስለናል፤ መሐሉ ግን እንደ ደረቀ ነው። በጀሪካን ለሚያጠጣ ሰው ይህ ያበሳጫል። መፍትሔው መትከያውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ከታች ወደ ላይ እስኪስብ መተው ነው። የተረፈው ውሃ ለሌላው አበባ ይሆናል። ከዚያ ደግሞ አፈሩን በፍግና በቀይ አሽ መቀላቀል። ቀይ አሹን በወንፊት ብትነፉት ይሻላል፤ ሻካራው ሲበዛ በጥርሱ ዙሪያ ክፍተት ፈጥሮ ቁጥሩን ያሳንሰዋል።

ሌላው ከአፕሊኬሽኑ ጋር የሚመጣው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ አበባ ከዚህ በታች አይውረድ ይላል። ነገር ግን ዋልካ ብዙ ውሃ አጥብቆ ይይዛል፤ ሥሩ ሊስበው አይችልም። ስለዚህ 20 በመቶ እርጥበት ያለው ዋልካ ላይ አበባው ሊጠወልግ ይችላል፤ አሸዋማ አፈር ላይ ያው 20 በመቶ የተትረፈረፈ ውሃ ነው። እኔ የራሴን ቁጥር አወጣሁ። አፈሩን በደንብ አጠጣሁ፣ ውሃው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ጠበቅሁ፣ በማግሥቱ ያነበብኩትን እንደ ጣሪያ ጻፍኩ። ቅጠሉ ዘንበል ማለት ሲጀምር ያለውን እንደ ወለል። ፒስ ሊሊ ለዚህ ትመቻለች፤ ሲጠማት ወዲያው ታሳያለች፣ ሲያጠጧት ትነሣለች። ሳንሰቬሪያ ግን እንዲህ ስለማትናገር ቁጥሯ ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ተውኩላት። ደስተኛ ናት።

እናቴ ጣቷን አፈር ውስጥ ሰክታ ነው የምትፈትሸው። «ልጄ፣ ላዩ ደርቋል ብለሽ አትቸኩዪ፤ ውስጡን እዪው» ትለኛለች። ሴንሰሩ ከእሷ ጋር ብዙ ጊዜ ይስማማል። ልዩነቱ እሷ በሌለችበት ቀንም መለካቱ ነው።

እውነተኛ ጥቅሙን ያየሁት ግን ክረምት ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ደመናው አይገለጥም፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። ሥር አየር ይፈልጋል፤ አፈሩ በውሃ ተሞልቶ ሲቆይ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። ሥሩ የበሰበሰ አበባ ደግሞ ልክ እንደ ጠማው ይጠወልጋል። ቤት የገባ ሁሉ «ኧረ ውሃ አጠጪው!» ይላል። ፖቶሱ ሐምሌ ላይ ቅጠሉን ጣለ፤ ቁጥሩ ግን ጣሪያው ላይ ነበር። ውሃውን ከለከልኩት፣ ከሳህኑ ላይ አነሣሁት፣ ዳነ። ይህ አንድ ነገር ብቻ ለእኔ የዕቃውን ዋጋ መልሷል።

የብርሃን መለኪያውን መጀመሪያ ላይ ብዙም አልጠበቅሁበትም ነበር። የሚገርም ነገር አሳየኝ። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ በሰሜን በኩል ናት። «ፀሐይ የሚገባው በደቡብ መስኮት ነው» የሚለው የውጭ ምክር እኛ ጋ የሚሠራው ለበጋው ነው። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይጠነክር የሰሜኑ መስኮት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቀጥታ ጨረር ሲያገኝ በግራፉ ላይ አየሁት። እዚያ የነበረውን ፈርን አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገባሁት። መስኮታችሁን በወር በወር ማየት ይጠቅማል።

የማልወደው አፕሊኬሽኑን ነው። መመዝገብ ይጠይቃል፣ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ኔት ሲጠፋ አይከፍትም። አበባዬ እዚሁ ሳሎን ነው ያለችው፤ ስለ እሷ ለማወቅ ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ፈቃድ መጠየቅ የለብኝም። ስለዚህ ሆም አሲስታንት ወደሚባለው፣ የቤት ውስጥ ሴንሰሮችን ወደሚያነብ ነፃ ሶፍትዌር ዞርኩ። ራስበሪ ፓይ በሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጫንኩት፤ ቤት ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ሴንሰሩ በራሱ ባትሪ ይቀጥላል። ለራስበሪ ፓይው ግን ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ፣ ያስፈልጋል። ብሉቱዝ በወፍራም ግድግዳ ሲያልፍ ስለሚዳከም ሁሉም በአንድ ክፍል ቢሆኑ ይመረጣል።

የማዳበሪያ ንባቡን በጥንቃቄ ያዙት። አፈሩ ሲደርቅ ጨው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍበት ውሃ ስለሌለ ቁጥሩ ይወርዳል። ማዳበሪያ አለቀ ማለት አይደለም። ሁልጊዜ ካጠጣችሁ በኋላ ያለውን ብቻ አወዳድሩ።

ልትገዙ ካሰባችሁ በአንድ ጀምሩ። የአንዱን አበባ ጣሪያና ወለል ካወቃችሁ በኋላ ወደ ሌላው ልታዞሩት ትችላላችሁ። ለጤና አዳም አትግዙ፤ ለቡና ስለሚቀጠፍ በየጊዜው ዓይን ያየዋል። ለፒስ ሊሊና ለፈርን ግን ያለማመንታት እመክራለሁ። ጥርሱን ስታዞሩ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ በሻካራ ነገር ከፈገፈጋችሁት ልባሱ ይላጣል። ስትሰኩትም አፈሩን በጣታችሁ ጫን ጫን አድርጉበት።