የጆጆባ ዘይት ተቀብቼ ያየሁት (ለካ ዘይት አይደለም!)
2 ወር ሆነኝ ፊቴና እጄን የጆጆባ ዘይት (ጆጆባ ከሚባል የበረሃ ቁጥቋጦ ዘር የሚጨመቅ) ስቀባው፣ በጣም ነው የወደድኩት። ወርቃማ ነው፣ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል፣ መዳፍ ላይ ስታሹት ቶሎ ይገባል አያጨማልቅም። ለምን ከሌሎቹ ተለየ ብዬ ሳነብ ነው የገረመኝ፣ ለካ ዘይት ሳይሆን ፈሳሽ ሰም ነው!

የሌሎች ዘሮች ዘይት 3 ፋቲ አሲድ (ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ያለው የቅባት ክፍል) ግሊሰሮል የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ላይ ተያይዞ ነው የሚሰራው። ጆጆባ ግን ዘሩ ውስጥ አንድ ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፣ ፋቲ አሲዱን ከኮኤንዛይም ኤ (ፋቲ አሲድ ተሸካሚ ሞለኪውል) ጋር እንደተያያዘ ይይዘውና መጀመሪያ አልዲሃይድ ወደሚባል መሸጋገሪያ ውህድ ከዛ ወደ ፋቲ አልኮል ይቀይረዋል፣ ከዛ ሰም ሰሪው ኢንዛይም ያንን አልኮል ከሌላ ፋቲ አሲድ ጋር ያገጣጥመውና ሰም ሆነ ማለት ነው። ከዘሩ ክብደት ግማሽ የሚሆነው ይሄ ሰም ነው፣ አስቡት!

ንብም ሆዷ ስር ባሉት እጢዎች ሰም ትሰራለች፣ ግን የሷ ደረቅ ነው፣ 62 ዲግሪ አካባቢ ካልደረሰ አይቀልጥም። የጆጆባው የካርቦን ሰንሰለቶች ድርብ ቦንድ (በሁለት ካርቦኖች መሃል ያለ ድርብ ትስስር) ስላላቸው ጎበጥ ይላሉ፣ ተጠጋግተው መደርደር አይችሉም፣ ለዛ ነው ፈሳሽ የሆነው። ፍሪጅ ውስጥ ከትቼው እንደ ቅቤ ረጋ፣ አውጥቼ ሳስቀምጠው ተመልሶ ቀለጠ፣ ምንም አልሆነም። ቶሎ አይበላሽም ደግሞ።

የማልወደው ጠብታ ማድረጊያውን ነው፣ ያንጠባጥባል፣ ጠርሙሱ ሁሌ እንደተቀባ ነው። ደረቅ ቆዳ ላላችሁ ግን ከልቤ ነው የምመክረው፣ 3 ጠብታ ይበቃል፣ ፊታችሁ እርጥብ እያለ ተቀቡት።