«ትንሽ ያንጠባጥብና ይተዋል» ካሏችሁ እንዳትሸወዱ

አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ለማስቀየር የተዘጋጃችሁ፣ ወይም ሰሞኑን አስቀይራችሁ መኪናችሁ ሥር ጠብታ ማየት የጀመራችሁ፣ ይህን አንብቡልኝ። በተለይ መካኒኩ «ሲገጠም የፈሰሰ ትርፍ ዘይት ነው፣ ትንሽ ያንጠባጥብና ይተዋል» ብሎ ከሸኛችሁ።

እኔም እንዲህ ተብዬ ነው የተሸኘሁት። ያገለገለ ግን «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» የተባለ ካምቢዮ ተገጠመልኝ። ሂሳቡን ከፈልኩ። ማርሹ ልስልስ ብሎ ይቀያየራል፤ ከሥር ግን ቀይ ዘይት። ተመልሼ ስሄድ ትርፍ ነው አሉ። ደግሜ ስሄድ ዘይት ጨመሩልኝና «እየተከታተልክ ሙላ፣ ችግር የለውም» አሉኝ። በኋላ ወሬው ጭራሽ ተቀየረ። «ይሄ እኮ የሞተር ዘይት ነው። የሞተሩ የኋላ ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት) አልቋል። እኛን አይመለከትም፤ ከፈለግክ በሌላ ሂሳብ እንሠራልሃለን።» የጋራዡን ስም አልጽፍም። ይቺን ጨዋታ የሚጫወተው እሱ ብቻ አይደለም።

ጨዋታው የሚሳካው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ካምቢዮ ሲወርድና ሲገጠም በእርግጥም ዘይት ይፈሳል። ቻሲው ላይ፣ ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበት ክፍት ቦታ ውስጥ ይቀራል። መኪናው ሲሞቅ ያ ወደ ታች ይወርዳል። ግን ትርፍ ዘይት ካምቢዮው ውስጥ ያለውን መጠን አይቀንስም። ከታጠበ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ መልሳችሁ አጭር ነው፦ እሺ፣ እጠቡት። ቅባት በሚያስለቅቅ ነገር ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ መኪናው ይነዳ፣ እንደገና ከሥር ይታይ። ለዚህ አንድ ቡሎን መፍታት አያስፈልግም። እምቢ ካሉ ምክንያታቸውን ጠይቁ።

የሞተር ሲል የሚለውን ሰበብ ግን ዋጥ ማድረግ አቅቶኛል። ካምቢዮው ወርዶ ሳለ የሞተሩ የኋላ ክፍል ፊት ለፊታቸው ክፍት ነበር። ሲሉ አልቆ ከነበረ የሚነገረው ያኔ ነው፣ ሂሳብ ሳይዘጋ፣ ሌላ የማውረጃ ዋጋ ሳይጠየቅ። ደኅና መካኒክ ካምቢዮ ባወረደ ቁጥር ያንን ሲል ያያል፣ ለባለቤቱም ይነግራል። ያኔ ዝም ብሎ፣ ከገጠመ በኋላ «ሞተሩ ነው» የሚል ሰው ወይ አላየም፣ ወይ አሁን እየፈጠረ ነው።

ደግሞ የሞተር ዘይትና የካምቢዮ ዘይት መለየት ያን ያህል ከባድ አይደለም። ማታ መኪናው ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ። የካምቢዮ ዘይት አዲስ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ቀይ ነው፤ ሲቆይ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የሞተር ዘይት ከማር መሰል ቀለም ተነስቶ እየጠቆረ ነው የሚሄደው። ታዲያ ካምቢዮ ሲቀየር ዘይቱም አዲስ ስለሚሆን፣ በዚያ ሰሞን የሚንጠባጠብ ደማቅ ቀይ ዘይት ብዙ ይናገራል። ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ካምቢዮዎች ቀይ ያልሆነ ዘይት ይጠቀማሉ፤ ስለዚህ ምን ዓይነት እንደሞሉላችሁ ጠይቁ። ብዙ መኪኖች ላይ ደግሞ የመሪው ዘይትም ያው ቀዩ ነው፤ የእሱንም መጠን እዩ። የኤሲ ውኃ ከሆነ ንጹሕ ውኃ ነው፣ እሱን እርሱት።

ጠብታው የወደቀበት ቦታ ግን ምንጩ ላይሆን ይችላል። መኪና ሲሄድ ንፋስ ዘይቱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከታች ያለው የዘይት መያዣ ሁሉንም ስለሚቀበል «ጋስኬቱ (የመጋጠሚያው መዝጊያ) ነው» ተብሎ በከንቱ ይቀየራል። መፈለግ ያለበት ከፍ ያለውና ወደ ፊት የቀረበው እርጥብ ቦታ ነው። ካልታየ፣ ዘይቱ ውስጥ የሚጨመር ልዩ ቀለም አለ፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ ያበራል። ይሄም ካምቢዮው ሳይወርድ የሚሠራ ነው። ይህን የምደጋግመው፣ ሌላ ጋራዥ ካምቢዮውን ከነካው የመጀመሪያው «ዋስትናህ ፈርሷል» የሚል ሰበብ እንዳያገኝ ነው።

እንግዲህ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት መሃል ቀይ ዘይት ከወረደ ጉዳዩ ከባድ ነው። እዚያ ውስጥ የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካኝነት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ቶርክ ኮንቨርተር አለ። አንገቱ ካምቢዮው ፓምፕ ውስጥ ይገባል፤ ዙሪያውን የሚዘጋው አንድ የጎማ ሲል ነው። ይህ ሲል ካምቢዮ በወረደ ቁጥር መቀየር አለበት። የኮንቨርተሩ አንገት በዚያ ቦታ ከተበላ ደግሞ አዲሱም ሲል አይዝም። ከዚህ የባሰ አለ። ኮንቨርተሩ እየዞረ፣ ደረጃ በደረጃ፣ እስከ መጨረሻው ገብቶ መቀመጥ አለበት። ካምቢዮው ሞተሩ ላይ ሲጋጠም ኮንቨርተሩና የሞተሩ ቮላኖ (ከሞተሩ ኋላ የሚዞረው ሳህን) መሃል ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት መቅረት አለበት። ክፍተት ከሌለ አልገባም ማለት ነው። ይህን ሳያይ በቡሎን እየሳበ የሚያጋጥም ሰው ፓምፑን ይሰብራል፣ ሲሉንም ይቀድዳል።

የእኔም ከዚሁ ቦታ ነበር። ጉዳዩን በጽሑፍ አሳወቅኳቸው፣ አንቀበልም አሉ። ሌላ ጋራዥ ሲያወርደው በፎቶ ተያዘ። የፓምፑ ሲል እንደ ፕላስቲክ ደርቆ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር። «ሙሉ በሙሉ የታደሰ» በተባለ ካምቢዮ ላይ! ሲሉ ራሱ ርካሽ ዕቃ ነው። ውዱ ካምቢዮውን እንደገና ማውረዱ ነው። «ይተዋል»፣ «ሙላ»፣ «ሞተሩ ነው» የሚሉት ሁሉ ያንን የእጅ ዋጋ ላለመሸከም ነው።

ሌሎቹ ቦታዎች ቀለል ይላሉ። ወደ ራዲያተር የሚሄዱት የማቀዝቀዣ ቱቦዎች ሲፈቱ ማጥበቂያቸውና ኦሪንጋቸው (ክብ የጎማ መዝጊያቸው) ይጎዳል፤ ግፊት ስላለባቸው የሚያፈሱት ሞተር ሲነሳ ነው። አክስሎቹ የሚገቡበት ሲል በችኮላ ሲገፋ ይቀደዳል፤ ይሄ በጎን በኩል ይታያል። የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ኦሪንግም አንዳንዴ ይረሳል። ዘይት ከመጠን በላይ ተሞልቶ ከሆነ ደግሞ ይደፈርሳል፣ አረፋ ይሠራል፣ በመተንፈሻው በኩል ይወጣል። እውነት ለመናገር «ይተዋል» የሚለው በዚህኛውም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም መጠኑን ሳይለኩ የሞሉት እነሱው ናቸው። መኪናው ሲቆም ብቻ የሚያፈስም አለ። በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ሌሊቱን ወደ ታችኛው የዘይት መያዣ ሲመለስ፣ እዚያ ያለው ዘይት ከፍ ብሎ ይቆምና፣ በማርሽ ማስገቢያው ዘንግ ሲል ወይም በመለኪያው ቱቦ ሥር ይወጣል።

ከመጡባችሁ ማባበያዎች ሁሉ አጥብቃችሁ እምቢ የምትሉት የማፍሰሻ መድፈኛ የሚባለውን ጠርሙስ ነው። ጎማውን ያሳብጠዋል፣ ማንጠባጠቡ ጋብ ይላል፣ የዋስትናው ጊዜ ያልፋል። የተቀደደ ሲል ግን አይድንም። ምን እንደጨመሩ ሳትጠይቁ ጠርሙስ እንዳያስገቡ።

ምንም ጠብታ ሳይታይ ዘይት የሚቀንስበትም ጊዜ አለ። ብዙ መኪኖች ላይ የካምቢዮ ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ነው። ያ ውስጡ ከተበሳ ዘይትና ውኃ ይቀላቀላሉ፤ የካምቢዮው ዘይት ሮዝ ቀለም ያለው ወተት ይመስላል። ውኃ ደግሞ የካምቢዮውን ፍሪሲዮኖች (ኃይል የሚይዙና የሚለቁ ሳህኖች) ይጨርሳል። አሮጌው ካምቢዮ ተሰባብሮ ከሞተም የብረት ፍርፋሪው እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀራል። ሳይታጠብ ወይም ሳይቀየር አዲሱን መግጠም አዲሱን መግደል ነው። «ማቀዝቀዣው ታጥቧል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሂሳቡም ላይ ይጻፍ።

ወረቀቱ ላይ የካምቢዮው ቁጥር፣ የተቀየሩት ሲሎች፣ የዘይቱ ዓይነት ይኑር። ዋስትናው ዕቃውን ብቻ ነው ወይስ የእጅ ዋጋንም? ብዙ ሰው ሳያነብ የሚፈርመው እዚህ ላይ ነው። ዕቃውን በነጻ ተክተው ማውረጃና መግጠሚያውን ከእናንተ የሚቀበሉ አሉ። ጠብታውን ስታዩም በዚያው ቀን ፎቶ አንሱ፣ በጽሑፍ ላኩላቸው።

አሁን የሚያፈስ መኪና ያላችሁ ደግሞ መጠኑን ሳታዩ አትንዱ። አለካኩ እንደ መኪናው ይለያያል። ብዙዎቹ ሞተር ተነስቶ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ይለካሉ፤ ሞተር ጠፍቶ የሚለኩም አሉ። ብዙ አዳዲሶቹ መለኪያ ዘንግ የላቸውም፤ ከሥር ባለ ቡሎን፣ በተወሰነ የዘይት ሙቀት ነው የሚታዩት። ማርሽ ስታስገቡ ከዘገየ፣ ወይም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ካለ፣ ዘይቱ ጎድሎ ሊሆን ይችላልና አጥፉት። ካስጎተታችሁ የጭነት መኪና ላይ ይጫን፣ ወይም ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች ከመሬት ይነሱ። እነሱ እየዞሩ ከተጎተተ ካምቢዮው ያለ ዘይት ግፊት ይሽከረከራል፣ ጋራዡም ጥፋቱን እናንተ ላይ ለመጣል ሌላ ሰበብ ያገኛል።