የታደሰው የሠፈር አዳራሽ በአዳማ
በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከደረሰው የባቡር መስመር ብዙ ሳይርቅ የሚገኘውና ለዓመታት የዕቃ ማከማቻ ሆኖ የቆየው የድንጋይ አዳራሽ ታድሶ ለሕዝብ በመከፈቱ፣ ባለፈው ቅዳሜ ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ተከራይተነዋል።

ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ የግድግዳው ሥራ ነው። የቀድሞው የሲሚንቶ ልስን ተነሥቶ በኖራ ተተክቷል፤ ሲሚንቶ በድንጋዩ ውስጥ የገባውን እርጥበት አፍኖ ስለሚይዝ ልስኑ እያበጠ ይረግፋል፣ ውሎ አድሮም ድንጋዩ ራሱ ይቦረቦራል፤ ኖራ ግን እርጥበቱ እንዲተን መንገድ ይሰጠዋል። ይህን የሚያውቅ ግንበኛ ማግኘት ዛሬ ቀላል አይደለምና ባለሙያዎቹን ከልብ አመሰግናለሁ። ትይዩ የሆኑት ረጃጅም መስኮቶችም ባለመደፈናቸው የስምጥ ሸለቆው ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በአዳማ የቀትር ሙቀት ያለ ማራገቢያ ተሰብስበናል።

ጣሪያው ግን ቅር አሰኝቶኛል። ከአዲሱ ቆርቆሮ ሥር ኮርኒስ ስላልተሠራ ዝናብ ሲጥል የሰብሳቢያችን ድምፅ ጨርሶ አልተሰማም። መግቢያው ላይ ባሉት 5 ደረጃዎችም በዕድሜ የገፉ እናቶቻችንን ደግፈን ማውጣት ነበረብን፤ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር የሚረዝም ተዳፋት መወጣጫ ለመሥራት ግቢው በቂ ስፋት አለው። ኪራዩ ለእድር አይከብድም፤ ከክረምት በኋላ ላለው ጉባኤም ቀን አስይዘናል።