ቤት የተሠራ የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ፦ የመረጥኩት እንጨት ከወራት ጨዋታ በኋላ

የፒንግ ፖንግ ጠረጴዛ ራሱ ሊሠራ የተነሣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ዓይነት እንጨት ልግዛ?» ብሎ ነው። እኔም ከዚሁ ነው የጀመርኩት። ጠረጴዛዬ አሁን ወራት አስቆጥሯል፤ እርጥቡንም ደረቁንም ወቅት አይቷል፣ ልጅ አዋቂው ሲጫወትበት ከርሟል። ዛሬ ላይ ሆኜ ስመዝነው የእንጨቱ ስም ያን ያህል አይደለም። ዋናው እያንዳንዱን እንጨት ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት እንደፈተሻችሁት ነው። ቆንጆ አናጢነት መጥፎ ገበታን አያድነውም።

ያለኝ ይኼ ነው፦ ገበታው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የበርች (የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ነው) ኮምፔንሳቶ ሆኖ በሁለት ግማሽ የተሠራ ነው። ከሥር የሚሸከመው ፍሬም ከፈረሰ ቤት የበር መቃን የወጣ ሞራሌ ነው። ቀለሙ የማያብረቀርቅ ጥቁር አረንጓዴ ነው። መረቡንና መያዣውን ብቻ ተሠርቶ ያለቀ ገዛሁ።

መደበኛው ልክ ርዝመቱ 2.74 ሜትር፣ ወርዱ 1.525 ሜትር፣ ከፍታው 76 ሳንቲ ሜትር ነው። የዓለም አቀፉ ጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ ገበታው ከዚህ እንጨት ይሠራ ብሎ አያዝም፤ ከማንኛውም ነገር ሊሠራ ይችላል። የሚጠይቀው ደረጃውን የጠበቀ ኳስ ከ30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲለቀቅ ወደ 23 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲነጥር ነው፤ ያውም በገበታው ሁሉ ላይ እኩል። እንጨት ስመርጥ ከዚህ ሌላ መመሪያ አላስፈለገኝም። «እኩል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ኳሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢነጥር እንኳ ሁሉም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ከሆነ ተጫዋች ይለምደዋል። አንዱ ጥግ ላይ ሕያው፣ ሌላው ላይ ሙት የሆነ ገበታ ግን ጨዋታውን ያበላሻል።

ልኩ ራሱ ግማሹን ውሳኔ ይወስንላችኋል። በእንጨት መሸጫ በብዛት የሚገኘው ኮምፔንሳቶ፣ ቺፕውድም ሆነ ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ)፣ 1.22 በ2.44 ሜትር ነው። የጠረጴዛው ግማሽ ደግሞ 1.37 በ1.525። በካሬ ብቻ ካሰላችሁት ሁለት ኮምፔንሳቶ በቂ ነው፣ እንዲያውም ይተርፋል፤ ገበታው 4.18 ካሬ ሜትር ገደማ ሲሆን ሁለቱ ኮምፔንሳቶ ወደ 5.95 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ወለል ላይ ዘርግታችሁ ስትለኩት ግን አይገጥምም። 1.22ቱ ከ1.37 በ15 ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ያን ለመሙላት 1.525 ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ተቆርጦ የቀረው ግን ረጅሙ ጎኑ 1.22 ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ ሦስተኛ ትገዛላችሁ፣ ወይ ቁርጥራጭ ትቀጥላላችሁ። በዚህ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ቅጥያው ከመረቡ ሥር ይሁን። እዚያ አካባቢ ኃይለኛ ኳስ እምብዛም አያርፍም፤ ወደ ዳር ካደረጋችሁት ግን በየጨዋታው ትሰሙታላችሁ።

የበርች ኮምፔንሳቶ በ1.525 በ1.525 ሜትር ልክም ይመረታል። ለዚህ ሥራ ይኼን ያህል የሚስማማ ልክ አላየሁም፤ ወርዱ ሳይነካ የጠረጴዛው ወርድ ነው። ከአንዱ ጎን ብቻ ተቆርጦ 1.37 ሲቀር ግማሹ ጠረጴዛ ያለ ምንም ቅጥያ ይወጣል። ከተቆረጠ በኋላ ትክክለኛ ማዕዘን መያዙን ለማወቅ ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ለኩት፤ ሁለቱም ሰያፎች 2.05 ሜትር ሊሆኑ ይገባል። ሁለቱ ከተለያዩ ቆራጩ ሸርተት አድርጎታል ማለት ነው፤ እዚያው እያላችሁ ይታረም። ከቆረጣው የሚተርፈውን 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ቁራጭ አትጣሉት። እኔ መሐል ላይ ሁለቱ ግማሾች በሚገናኙበት ከሥር አድርጌ አጠናክሬበታለሁ፤ እስከ ዛሬ በጣም ጠቅሞኛል።

አሁን ወደ ፍተሻው። እንጨት መሸጫ ስትሄዱ የፒንግ ፖንግ ኳስና ማስመሪያ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። ብዙ ሰው ኳሱን በክምሩ ላይ ጥሎ ጥሩ ሲነጥር ይደሰታል። ይህ ፈተና አይደለም፤ ከሥር ያለው የክምሩ ክብደት ስለሚያግዘው ደካማውም ኮምፔንሳቶ ጥሩ መስሎ ይታያል። አንዱን አውጥታችሁ በሁለት ደጋፊ እንጨት ላይ አንጋሉት፤ መሐሉ ከመሬት ተነሥቶ አየር ላይ ይሁን። ከዚያ ማስመሪያውን አቁማችሁ ኳሱን ከ30 ሳንቲ ሜትር ልቀቁት፣ ሌላ ሰው በስልክ ይቅረጽ። መሐሉ ላይ፣ ጥጎቹ ላይ፣ ደጋፊው ያለበትም የሌለበትም ቦታ ላይ ሞክሩ። ቪዲዮውን አዘግይታችሁ ስታዩት ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይታያል። ቀጭኑ 12 ሚሊ ሜትር መሐሉ ላይ ይዋጣል፤ ኳሱ የሚሰጠውን ጉልበት እንጨቱ ራሱ ተንቀጥቅጦ ይበላዋል። 18 ሚሊ ሜትሩ ጥሩ ፍሬም ካለው ይበቃል። 25 ሚሊ ሜትር ከተገኘ ደግሞ ወደ ውድድር ጠረጴዛ የቀረበ ነው፤ ግን ክብደቱን አስቡበት።

ሁለተኛው ፍተሻ በጆሮ ነው። በጣታችሁ አንጓ ከጫፍ እስከ ጫፍ እያንኳኳችሁ ሂዱ። ድምፁ በአንድ ቦታ ላይ ድንገት ባዶ ከሆነ ውስጡ ክፍተት አለ፤ ከውስጥ ካሉት ስስ ንጣፎች አንዱ ተቆርጦ ሳይገጣጠም ቀርቷል ማለት ነው። እዚያ ላይ ያረፈ ኳስ አይነሣም። የበርችን ኮምፔንሳቶ የመረጥኩትም በዚህ ምክንያት ነው። በ18 ሚሊ ሜትር ውስጥ 13 ስስ ንጣፎች ስላሉት ክፍተት ቢኖረው እንኳ ትንሽ ይሆናል። ጥቂት ወፍራም ንጣፍ ባለው ርካሽ ኮምፔንሳቶ ግን ክፍተቱ ጣት ሊያስገባ ይችላል። ከጎኑ ጎንበስ ብላችሁ ዳሩን ተመልከቱ፤ ብዙው ነገር ከዚያ ይነበባል።

ሦስተኛው ክር ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ክር ወጥሩና መሐል ላይ በክሩና በእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ሁለቱንም ሰያፎች በእኩል ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ላይ ከወጠራችሁ ደግሞ ክሮቹ መሐል ላይ ለመነካካት ያህል ሊገናኙ ይገባል፤ ከተራራቁ ወይም አንዱ ሌላውን ከገፋው እንጨቱ ተጣሟል። ትንሽ ጉብጠትን ፍሬም ያቀናዋል። የተጣመመውን ግን ተዉት፣ ሻጩ ምንም ቢላችሁ።

ሁለቱን ኮምፔንሳቶ ከአንድ ክምር ግዙ። «18» ተብሎ የሚሸጠው በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ሲለካ ትንሽ የሚያንስበት ጊዜ አለ፤ ከተለያየ ክምር የመጡ ሁለት ኮምፔንሳቶ ሲጋጠሙ መሐል ላይ ደረጃ ይፈጥራሉ።

ስለ ሌሎቹ ብዙ አልልም። ኤምዲኤፍ ገጹ የለሰለሰ ነው፣ ክፍተት የሚባል ነገር የለውም፣ ኳሱም ሁሉም ቦታ ላይ እኩል ይነጥርበታል። ደረቅ ክፍል ውስጥ ከቦታው ለማይነቃነቅ ጠረጴዛ እኔ ራሴ እመርጠው ነበር። ጠላቱ ውሃና ክብደት ነው፤ ዳሩ እርጥበት ከጠጣ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላም አይመለስም። ድጋፍ ከጎደለው በራሱ ክብደት ቀስ በቀስ ይሰምጣል። 25 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ግማሹ ብቻ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል፤ የእኔው በርች ግማሽ ወደ 25 ኪሎ ነው። ኤምዲኤፍ ስትቆርጡ ብናኙ ለሳንባ አይበጅም፣ ጭምብል የግድ ነው። ቺፕውድ በፋብሪካ ጠረጴዛዎች ላይም የሚሠራበት ነው፤ ግን ጥጉ ይፈረፈራል፣ ብሎን አንዴ ከላላበት ደግሞ መልሶ አይይዝም። ጣውላ ለጣውላ አጋጥሞ ገበታ መሥራትን ግን አልመክርም። ጣውላ በወርዱ በኩል ከአየሩ እርጥበት ጋር ይሰፋል፣ ይጠባል። ዛሬ በመላጊያ ያስተካከላችሁት ገጽ ወቅት ሲቀየር ይጎብጣል።

ጣውላ ቦታው ፍሬም ላይ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ዋናው ድርቀት ነው። አዲስ የተሰነጠቀ ሞራሌ ስታነሡት ይከብዳል፣ ስትነኩትም ይቀዘቅዛል፤ እንዲህ ያለው ሲደርቅ ይጣመምና ገበታውን አብሮ ይጎትተዋል። አሮጌ የበር መቃን፣ የጣሪያ ማገር፣ የተጣለ አልጋ የዓመታት መድረቅና መንቀሳቀሱን ጨርሷል። ሚስማሩን አውልቃችሁ፣ ነቀዝ እንደሌለው አይታችሁ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ካነጣጠራችሁና ቀጥ ካለ፣ ከአዲሱ ይልቅ እሱን እመኑት። በእኔ ጠረጴዛ ላይ እንጨት ብቻ ሳይሆን ጊዜም ገዛሁ የምለው በዚህ ፍሬም ነው። ተሸካሚ አግዳሚዎቹን ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ባለ ርቀት አደረግኳቸው። ፍሬሙን ከገበታው ዳር ወደ ውስጥ አስገባሁት፤ ተጫዋቹ ሲጠጋ ጉልበቱ አይመታም።

ገበታውን ከፍሬሙ ጋር በኮላ አላጣበቅኩም። ከሥር በኩል ሰፋ ባለ ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ብሎን ያዝኩት፤ ፍሬሙ ቢንቀሳቀስ ገበታውን አያስጨንቀውም። ከላይ በብሎን መትቶ በስቱኮ መድፈን ይቀላል፤ ነገር ግን ያ ነጥብ በቀለም ስር ጎልቶ ይቀራል።

ከመቀባቴ በፊት ሁለቱን ግማሾች ጠረጴዛው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ በመካከላቸው ቁራጭ እንጨት አድርጌ አጋድሜ አቆየኋቸው። ግድግዳ ላይ አስደግፎ መተው ያጎብጣቸዋል። ቀለሙን ከላይም ከታችም፣ በዳሩም ዙሪያ እኩል ቀባሁት። የታችኛውን ገጽ ማንም አያየውም ብሎ መተው በብዙ ሰው ጠረጴዛ ላይ ያየሁት ነገር ነው፤ ያልተቀባው ገጽ እርጥበት ሲጠጣ ሌላው አይጠጣም፣ ገበታውም እንደ ደረቀ ቅጠል ይቀለበሳል። የሚያብረቀርቅ ቀለም ኳሱን ያንሸራትታል፣ ብርሃኑም ዓይን ይወጋል፤ ሕጉም ገጹ ጠቆር ያለና የማያብረቀርቅ እንዲሆን ነው የሚጠይቀው። የዳሩ ነጭ መስመር 2 ሳንቲ ሜትር፣ ለጥንድ ጨዋታ የሚሆነው የመሐሉ መስመር 3 ሚሊ ሜትር ነው።

ከወራት በኋላስ? የክሩን ፍተሻ ደግሜዋለሁ። አንዱ ግማሽ እንደ ተገዛበት ቀን ቀጥ ብሎ አለ፤ ሌላው መሐሉ ላይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሰጥሟል፣ በጨዋታ ላይ ግን አይታወቅም። የኳሱ ንጥረት በሁለቱም ላይ ከ22 እስከ 23 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከአንድ ቦታ በቀር። ሻጩ «ውስጡ ሙሉ ነው» ብሎ ከማለልኝ ኮምፔንሳቶ አንዱ በግራ ጥጉ አቅራቢያ ሳንቲም የምታህል ሙት ነጥብ አለችው። ከሥሯ ትንሽ ጣውላ በኮላ ሳጣብቅባት ልዩነቱ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ሁለቱ ግማሾች የሚገናኙበት ክፍተት በደረቁ ወቅት የተወሰነ ሰፍቶ ነበር፤ መረቡ ሥር ስለሆነ ማንም አላስተዋለውም። እኔ የምከታተለው ክፍተቱን ሳይሆን የከፍታ ልዩነቱን ነው። እሱንም እግሮቹ ሥር ባሉት ብሎኖች በውሃ ልክ እያየሁ አስተካክላለሁ።

በጣም የተጎዳው ቀለሙ ነው። ተጫዋቾች እጃቸውን በሚያሳርፉበት ዳር ላይ ስሷል፣ ራኬት የሚያርፍባቸው ጥጎችም ተጫጭረዋል። በርቹ ራሱ ግን አልተፈረፈረም፤ ጥቂት ጎድጎድ ያሉ ምልክቶች ብቻ አሉት። መሐሉ በጨርቅ ሲወለወል ብዛት ማብረቅ ስለጀመረ ኳሱ ትንሽ እየተንሸራተተ ነው። ገጹን በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈትጌ አንድ ዙር ደግሜ እቀባዋለሁ።

ይህን ጠረጴዛ ደጅ ለማሳደር ካሰባችሁ አይሆንም። ውሃ በሚቋቋም ኮላ የተሠራ ኮምፔንሳቶ እንኳ ንጣፎቹ አይላቀቁ እንጂ እርጥበት መጠጣቱን አይተውም፤ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ገጹ ይሰነጣጠቃል። ለጨዋታ አውጥቶ መመለስ ግን ይቻላል፤ እያንዳንዱ ግማሽ ፍሬሙን ሳይጨምር 25 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሁለት ሰው በቀላሉ ያነሣዋል። ሲቀመጥም ፍሬሙ ተያይዞ በጎኑ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከወለሉ በእንጨት ከፍ ብሎ።