ካንቫ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች፦ ነፃ ነው፣ ሎጎ ግን አትሰሩበት

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው። ድርጅታችሁ ትንሽ ከሆነ፣ ህጋዊ ምዝገባ ካላችሁ፣ ዲዛይነር ቀጥራችሁ ለማቆየት አቅም ከሌላችሁ፣ የዲዛይን መሳሪያው ካንቫ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች በነፃ የሚሰጠውን አካውንት ጠይቁ። ሳታንገራግሩ ጠይቁ። ሎጎ ግን አትሰሩበት። የሚታተም የአማርኛ ስራ ከሆነም ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት የፊደል ነገር የሚገባው ሰው ይየው።

እኔ ለሀገር በቀል ድርጅቶች በፍሪላንስ ዲዛይን እሰራለሁ። ባነር፣ ሮልአፕ፣ ብሮሸር፣ የስልጠና ሰርተፍኬት፣ አመታዊ ሪፖርት፣ የቴሌግራም ፖስተር፣ ምኑ ቅጡ። ስለዚህ "አንተ እንጀራህን ስለነካብህ ነው የምታወራው" የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ካንቫ የወሰደብኝ ግን የምጠላውን ስራ ነው። ማታ ሶስት ሰዓት ላይ ተደውሎ "ወንድሜ ይቅርታ፣ ቀኑ ከማክሰኞ ወደ ሐሙስ ተቀይሯል፣ አሁኑኑ አስተካክለህ ላክልን" የሚባለውን ማለቴ ነው። እሱን ይውሰደው፣ አልከራከርም።

ለማያውቀው፣ ካንቫ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአውስትራሊያ የወጣ፣ በብሮውዘርና በስልክ የሚሰራ የዲዛይን መሳሪያ ነው። ነፃው አለ፣ የሚከፈልበት ፕሮ አለ። የተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት ግን ፕሮው ላይ ያለውን እስከ 50 ሰው ድረስ ያለ ክፍያ ይጠቀማል። ፎርም ይሞላል፣ የምዝገባ ማስረጃ ይያያዛል፣ መልስ ይጠበቃል። እኛ ሀገር ማስረጃው ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን የሚሰጠው ሰርተፍኬት ነው። ፎርሙ ላይ የምትፅፉት ስም ሰርተፍኬቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፤ በአህፅሮት የምትጠሩበትን ስም ፅፋችሁ "ለምን አልተቀበሉንም" አትበሉ። ትምህርት ቤት ከሆናችሁ ደግሞ በሩ ይሄ አይደለም፣ ለትምህርት ቤቶች ሌላ ፕሮግራም አላቸው።

ነፃ መሆኑን አታቃልሉት። ፕሮው ዋጋው በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ዋጋው ቀርቶ ውጭ ሀገር የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ራሱ ሌላ ፈተና ነው። አዋጅ 1113/2011 ደግሞ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚል ለሶፍትዌር ክፍያ ስትጠይቁት የፋይናንስ ኃላፊው ፊቱ ይለዋወጣል፣ እውነቱንም ነው። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ተዘጋ። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ኮሙኒኬሽን ነው። ሁሌም።

አሁን ወደ መሳሪያው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቴምፕሌቱ፣ ማለትም ተሰርቶ ስለተቀመጠው ዝግጁ ዲዛይን ነው፤ ለእኔ ዋናው ብራንድ ኪት የሚሉት ነው። የድርጅቱን ሎጎ፣ ቀለሞችና ፎንቶች አንድ ቦታ ታስቀምጣላችሁ፣ ቡድኑ በሙሉ ከዚያ ይወስዳል። ይሄ ለሀገር በቀል ድርጅት ትልቅ ነገር ነው። ስንት ድርጅት አለ ሎጎው በዋትስአፕ ከሰው ወደ ሰው ሲላክ ኖሮ የደበዘዘ፣ ባነሩ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ቲሸርቱ ላይ ሰማያዊ የሆነ! የለጋሽ ሎጎዎችንም እዚያው አስገቡ። ለጋሽ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። ለምሳሌ የአውሮፓ ህብረት አርማ ቁመቱ ከ1 ሴንቲሜትር ማነስ የለበትም፣ የገንዘብ ድጋፉን የሚገልፀው ፅሁፍ አጠገቡ መኖር አለበት፣ ፅሁፉም በሰማያዊ፣ በጥቁር ወይም በነጭ ብቻ ነው፣ ከስሩ ማስመር አይቻልም። ይሄን የፕሮጀክት ኦፊሰር በቃሉ ሊይዘው አይችልም። አንዴ በትክክል ተሰርቶ ተቆልፎ ከተቀመጠ ግን በቀላሉ አይበላሽም። አዎ፣ መቆለፍ ይቻላል። እኔ አሁን ለደንበኞቼ የምሰራው ይህንን ነው፦ መሰረቱን እሰራለሁ፣ ሎጎውንና አቀማመጡን እቆልፋለሁ፣ ርዕስ፣ ቀንና ፎቶ መቀየሩን ለእነሱ እተዋለሁ።

አማርኛው ላይ ስንደርስ ነገር ይበላሻል። ቴምፕሌቶቹ በአብዛኛው የታሰቡት ለላቲን ፊደል ነው። አንዱን ያማረ ርዕስ ትመርጣላችሁ፣ እንግሊዝኛውን አጥፍታችሁ "የወጣቶች የስራ ፈጠራ ስልጠና" ብላችሁ ስትፅፉ ያ ፎንት የግዕዝ ፊደል ስለሌለው በራሱ ጊዜ በሌላ ይተካል፣ ዲዛይኑም የታላቅ ወንድሙን ኮት የለበሰ ልጅ ይመስላል። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም፣ መስመሩን ሞልቶ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ለእንግሊዝኛ የተመተረ የመስመር ክፍተት ውስጥ ሲገባ ይተፋፈጋል። መፍትሄ አለው። ይሄ አካውንት የራስን ፎንት መጫን ይፈቅዳል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከጎግል ፎንትስ አውርዳችሁ ጫኑት፤ ፈቃዱ ነፃ ነው፣ ከቀጭን እስከ በጣም ደማቅ ብዙ ውፍረት አለው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለረጅም ንባብ ዓይን አያደክምም፣ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ስላለው ለርዕስ አታስቡት። ከዚያ የመስመር ክፍተቱን ከፍ አድርጉ፣ የፊደሉን መጠን ከእንግሊዝኛው ትንሽ ዝቅ አድርጉ። በቃ፣ ግማሹ ችግር ተፈታ።

ሌላው ግማሽ የድሮ ፋይል ነው። የቆዩ ድርጅቶች ያሏቸው ብዙ ሪፖርቶች የተፃፉት ዩኒኮድን፣ ማለትም ኮምፒውተር ሁሉ የሚጋራውን የፊደል ኮድ፣ በማይከተሉ የግዕዝ ፎንቶች ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም አሮጌዎቹ ፎንቶች ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት ቢሮ ውስጥ ኖረዋል። ከእነሱ ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉ የሚወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ትርምስ ነው። ይሄ የካንቫ ጥፋት አይደለም። ወይ መቀየሪያ ፕሮግራም ፈልጉ፣ ወይ እንደገና ይተየብ። እና እባካችሁ፣ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የአማርኛ ፖስተር እናሰራ አትበሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፊደል መሳይ ነገር ነው፣ ያውም በድርጅቱ ስም ላይ።

ህትመት ላይ ባጭሩ። ስክሪን ላይ የምታዩት ቀለምና ማተሚያ ማሽን የሚያወጣው ቀለም አንድ አይደለም፤ ደማቁ አረንጓዴና ብርቱካናማ ወረቀት ላይ ፈዘዝ ይላል። ስታወርዱ ለህትመት የሚለውን ፒዲኤፍ ምረጡ፣ የቀለም አይነቱን ሲኤምዋይኬ (የህትመት ቀለም) በሉት፣ የሚቆረጠውን ጠርዝ ጨምሩ። በብዛት ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና አሳትሙ። ለግድግዳ ባነር ከስልክ የመጣ፣ በቴሌግራም የተጨመቀ ፎቶ አትጠቀሙ፤ ኦሪጅናሉን በፋይል ይላኩላችሁ።

ፎቶ ካነሳሁ አይቀር፣ የበጎ አድራጎት ቴምፕሌቶች ውስጥ የእጅ፣ የልብና የሚያለቅስ ህፃን ምስል ሞልቷል። ተዉት። በ1977 ድርቅ ጊዜ ዓለም ያየን በምን ምስል እንደነበር እናውቃለን፤ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1989 የአውሮፓ ድርጅቶች ራሳቸው የምስል አጠቃቀም ስነ ምግባር ደንብ እስከማውጣት ደርሰዋል። እኛ ዛሬ ከውጭ ስቶክ ፎቶ (ለማንም እንዲሆን ከተዘጋጀ የፎቶ ክምችት) የሰው ሀገር ልጅ አምጥተን "ተጠቃሚዎቻችን" ብለን ብንለጥፍ ያሳፍራል። የራሳችሁን ሰዎች አስፈቅዳችሁ አንሱ፣ ፈቃዱንም በፅሁፍ ያዙ።

ሎጎው ለምን አይሆንም? የካንቫ ቴምፕሌትና ምስል ለእናንተ ብቻ የተሰጠ አይደለም፣ ማንም ያንኑ መጠቀም ይችላል። በራሳቸው ደንብም ከቤተ መፃህፍታቸው የወሰዳችሁትን ምስል የንግድ ምልክት አድርጋችሁ ልታስመዘግቡት አትችሉም። ሎጎ ለረጅም ዓመት የምትኖሩበት ነገር ነው፣ እዚያ ላይ ለዲዛይነር ክፈሉ። ዲዛይነሩን ደግሞ ኦሪጅናል ቬክተር ፋይሉን (ምንም ያህል ቢያሳድጉት የማይደበዝዘውን) ተቀበሉት። ወጣት ፈቃደኛ አግኝታችሁ በራሳችን እንስራ ካላችሁም ኢንክስኬፕ የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ነፃ ነው፣ አፊኒቲም ካንቫ ከገዛው በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ነፃ ሆኗል። ሁለቱም ቬክተር ይሰራሉ፣ መማር ግን ይፈልጋሉ።

የመጨረሻ ነገር፣ እዚህ ላይ ብዙ ድርጅት ይወድቃል። አካውንቱን በተለማማጅ ወይም በፈቃደኛ የግል ጂሜይል አትክፈቱት። ልጁ ስራ ሲቀይር ሎጎው፣ የለጋሽ አርማው፣ የዓመቱ ፖስተር ሁሉ አብሮት ይሄዳል፣ ከዚያ እኔ ጋር ተደውሎ "አንተ ጋ ይኖር ይሆን?" ይባላል። በድርጅቱ ኢሜይል ይከፈት፣ አስተዳዳሪ ሁለት ሰው ይሁን፣ አንዱ ከቢሮ የማይጠፋ።